የጣርማበር በሬ

ባለመኪናው አሮጌዋን ሙስታንግ ለቦዲ ሠሪው ሲያስረክብ አጥብቆ አስጠነቀቀው። «ዝገቷን አጥፋልኝ፤ ከጎማዋ በላይ ያለውን የፓራፋንጎዋን ስርጉድ ግን እንዳትነካ! ድሮ ይነዷት የነበሩት ጋሽ ዘርጋው በመኪና ውድድር ጣርማበር ዳገት ላይ በሬ ገጭተው ነው ለጥቂት አንደኝነት ያመለጣቸው። ታሪኳ እሱ ነው።»

እጅ ግን ልማዱን አይተውም። ቦዲ ሠሪው እያፏጨ ሲቀጠቅጥ ቆይቶ ልብ ቢል፣ ታሪኳ እንደ ትሪ ለጥ ብሏል። ይህ ከተሰማ ማን መኪናውን አምኖ ይሰጠዋል? የጋራዡን በር ዘጋና የድሮ ፎቶዋን እያየ በመዶሻ መልሶ አሰረጎደው፤ አቧራም አለበሰው።

በርክክቡ ቀን ባለመኪናው ራሳቸውን ጋሽ ዘርጋውን ደግፎ ይዟቸው መጣ። ሽማግሌው ስርጉዱን ዳበሱት፤ ደግመው ዳበሱት።

«እሱው ነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አይ ያ የተረገመ በሬ!»

ባለመኪናው በደስታ ካሜራውን ሊያመጣ ሲሮጥ፣ ሽማግሌው ወደ ቦዲ ሠሪው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«በመዶሻ ነው አይደል፣ ልጄ? ጠርዙ ያሳብቃል። እኔ ያን ዕለት የመታሁት ስጠጣ ከዘገየሁባት ጠላ ቤት በተዋስኩት ዘነዘና ነበር።»