ባዶዋ መስመር

አውሮፕላኑ መሬት ከነካ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። እኔ እስክሪብቶዬን እየከደንኩና እየከፈትኩ ከመጠለያው ሥር እንጎራደዳለሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው አራግፎ፣ ሰው ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የሚቀጥለው በረራ ሐሙስ ነው። ምዝገባው ግን ነገ ይዘጋል።

በእጄ ያለው ወረቀት አንድ ነው። ክልሉ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ማኅተሙ እንኳ አዲስ ነው፤ ክቡ ሳይቆራረጥ ያርፋል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ ስለው የክልሉ ቢሮ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨበጠኝ። የድጋፍ ደብዳቤውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ካሳረፈበት በኋላ የተቀባዩን መስመር ባዶ ተወው። «የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ወስነህ ራስህ ሙላው» አለኝ። «ግን አንድ ነው የምሰጥህ፤ ሁለተኛ የለም።»

በሮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት ነው። ቀጥተኛው መንገድ እሱ ነው፤ ፈተናው ግን ከባድ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሌላው አየር ኃይል ነው። እዚያ ለክልላችን አንድ ቦታ ተይዞለታል፤ ከሄድኩ ገባሁ ማለት ነው። ዓመታት አገልግዬ ከዚያ ወደ መንገደኛ አውሮፕላን እሻገራለሁ። ሰው ሁሉ «ሁለት ባላ ትከል» ይላል። አንድ ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ሁለተኛውን ባላ ከየት እንደሚያመጣ የሚነግረኝ ግን የለም።

«ዐወድ፣ ጻፍክ?»

አባቴ ነው። ጀዕፈር ይባላል፣ የዚህ ሜዳ ዘበኛ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቱን ከማኮብኮቢያው ላይ የሚያባርረው እሱ ነው፤ ዛሬም አንዲት ግትር ላም አስሩጣው እስካሁን ያለከልካል።

«ልጽፍ ነው።»

«የወታደሩን እንዳትጽፍ።»

የምናወራው በቤታችን ቋንቋ፣ በበርታ ነው። «ወታደር» የምትለዋን ቃል ግን አባቴ ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የሚላት፤ ቤታችን እንዳትገባ ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሜን ኡመርን በደርግ ጊዜ ከገበያ አፍሰው ወሰዱት። ጨው ገዝቼ መጣሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሬሳውም ወሬውም አልመጣልንም። አባቴ እስከ ዛሬ መለዮ ለባሽ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ፈርቻለሁ። የሚያስፈራኝ ፈተናው አይደለም፤ ወድቆ መመለሱ ነው። «አብራሪው መጣ!» እያሉ የሚስቁብኝን ከአሁኑ በስም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ጀርባዬን ለአባቴ ሰጥቼ እቀመጥና፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ፦ «ለአየር ኃይል የበረራ ማሠልጠኛ ክፍል»።

አባቴ የአማርኛ ፊደል አይለይም። ይህንንም አውቃለሁ።

«አንብብልኝ» ይላል።

አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ያሳርፋል። በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ የለመደው እንዲያ ነው፤ ጣት ያልነካትን ቃል ምላስ አይነካትም። እጁን ይዤ ወደ ግራ እወስደዋለሁ።

«ለአየር» እላለሁ። ጣቱ ይሻገራል። «መንገድ።» ይሻገራል። «ትምህርት።» ይሻገራል። «ቤት።»

ጣቱ አምስተኛዋ ቃል ላይ ደርሶ ይቆማል።

«ይቺስ?»

«አዲስ አበባ» ብል ነገሩ ያልቃል። ምላሴ ግን እምቢ ይለኛል።

«ይቺን አላነበብክልኝም፣ ዐወድ።»

ወረቀቱን ትቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«የኡመር መንገድ ነው?»

ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።

አንደኛው ሞተር ይነሣል፤ አቧራው እስከ መጠለያው ይመጣል። ፖስታውን አድርሳለሁ ብላ ቃል የገባችልኝ የፊዚክስ አስተማሪዬ አገኘሁሽ ናት። ከተሳፋሪዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ሆና በእጇ ትጠራኛለች። «አንተ ልጅ፣ ልንገባ እኮ ነው! ስጠኝ እንጂ!»

አባቴ ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ ያነሣዋል። አሁን ይቀደዋል ብዬ እጠብቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲቀደው እፈልጋለሁ። እሱ ከቀደደው ከእንግዲህ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ «አባቴ ባይከለክለኝ ኖሮ» እያልኩ እኖራለሁ።

አይቀደውም። ማኅተሙ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ ለሁለት ያጥፈዋል። ፖስታው ውስጥ ይከተዋል። ጫፉን በምራቁ አርሶ፣ በመዳፉ ደጋግሞ ይጫነዋል። «ኸላስ» ይላል፣ አለቀ ማለቱ ነው፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ከዚያ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው ሲያናግራት እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ይሄ ያዝ። ለወታደር ቤት ነው። አደራ፣ እንዳይጠፋ።»

አገኘሁሽ በትከሻው አሻግራ ታየኛለች። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሮጬ ልደርስ እችላለሁ፤ ግን ከተቀመጥኩበት አልነሣም።

«አይስጉ አባባ፣ በእጅ ቦርሳዬ ነው የምይዘው» ትለዋለች።

ፖስታውን ትስበዋለች። አባቴ አይለቅም። ደግማ ስትስበው ጣቶቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ።