የሐሙሱ መልአክ

«እስቲ መልአኩን ይንገሩኝ» ትላለች ሬኔ፣ ድምፅ እንዲቀዳ የከፈተችውን ስልክ ቀለም ጣሳዎቼ መሃል እያስቀመጠች። «በራስዎ አፍ ይሁንልኝ፣ ሚስ ዶርካስ። ግድግዳው ላይ ከሥዕሎቹ በላይ የምንጽፈው እሱን ነው።»

ሬኔ ከኪንግስተን ነው የመጣችው፣ ሥዕል ከሚያሳዩበት ቤት። በሚቀጥለው ወር የእኔን ሠላሳ ሥዕሎች ይሰቅላሉ፤ የሌላ ሰው አንድም አይገባም። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

አፌን የያዘኝ ስልኩ አይደለም። እማማ ዜልማ ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ በረንዳው ጥግ ተቀምጠው የርግብ አተር ይፈለፍላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው፣ መሪያችን ማለት ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ፣ እሳቸው አተራቸውን እኔ ቀለሜን ይዘን ሰው እናማለን። ሬኔ ዓርብ እመጣለሁ ብላ ዛሬ ከተፍ አለች። «ይቺ ልጅ ምነው እንዲህ ቀጠነች? ኪንግስተን ምግብ አለቀ እንዴ?» ብለው ነው የተቀበሏት።

«አሠራሬን ልንገርሽ» እላታለሁ። «ይሄ ጣውላ ከፈረሰ ዶሮ ቤት ነው። ቀለሙ የጀልባ ቀለም ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ የተረፋቸውን ይሰጡኛል። መጀመሪያ አንድ ዓይን አደርጋለሁ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። ዓይኑ ፊት ይፈልጋል፣ ፊቱ ትከሻ ይፈልጋል። እምቢ ሲለኝ ጣውላውን እዘቀዝቀዋለሁ፣ እግር የነበረው ዛፍ ይሆናል። የሚፈልገው ሲያልቅ ዝም ይላል። ያኔ ብሩሼን አጥባለሁ። በቃ ይሄው ነው።»

«ደስ ይላል» ትላለች፣ ፊቷ ግን ደስ አላለውም። «ሳይማሩ የሚስሉማ ጃማይካ ውስጥ ስንት አሉ። መልአክ ያለዎት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አንድ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰውዬም እንዲህ አይቶኝ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የአጎቴ ልጅ በረዶ በሽሮፕ የሚሸጥበትን ጋሪ ቀብቼለት ነበር፣ ዓሣ የሚጋልቡ ሴቶች አድርጌ። ሰውዬው የጋሪውን ጎን አስነቅሎ ገዛው። ማን አስተማረሽ አለኝ። ማንም አልኩት። ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት አልኩት። ቆሞ ጠበቀኝ፣ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስል። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም መሰለኝ፣ መልአክ አልኩት። በሐሙስ ጾም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰማያዊ ብሩሽ ሰጠኝ አልኩት። ሄዶ መጽሐፍ ላይ አወጣው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ከሥዕሉ በፊት የሚጠይቀኝ መልአኩን ነው።

እኛ ዘንድ ራእይ ያየ ሰው እዚያው ጉባኤው ፊት ቆሞ ይናገራል፣ እማማ ዜልማ ይመዝኑታል። ያላየውን ያወራ ከበሮው አጠገብ ድርሽ አይልም። እህት ኦርሊን የሎተሪ ቁጥር ተገለጠልኝ ብላ ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ከርማለች። እኔ ጉባኤው ፊት አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። መጽሐፉን እዚህ መንደር ማን ያነበዋል ብዬ ነው። እማማ ዜልማ ፊደል አይለዩም።

«በሐሙስ ጾም ነበር አይደል?» ትላለች ሬኔ፣ ልታግዘኝ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መልአኩ ሰማያዊ ብሩሽ ሰጠዎት...»

አተሩ ሳህኑ ላይ መውደቁን ያቆማል።

ዓይኔን ከጣሳው ላይ አላነሣም። አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ባሌም በግትርነቴ ነው ጥሎኝ የሄደው። ይቺ አንድ ቃል ግን አልወጣ አለችኝ።

«አዎ» እላለሁ።

ሬኔ ወደ ጥጉ ትዞራለች። «እማማ፣ እርስዎም እዚያ ነበሩ?»

«እኔ የሌለሁበት ሐሙስ የታለ!» ይላሉ እማማ ዜልማ፣ እኔን እኔን እያዩ።

በዚያ ዘመን ጾሙ ሲከብደኝ ምሰሶ ተደግፌ አንኮራፋ ነበር። በክርናቸው ጎሸም አድርገው የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ነበሩ።

«ታዲያ መልአኩ ሲመጣላቸው አዩ?»

ሥዕሉን ያያሉ። ስልኩን ያያሉ። ከዚያ እንደገና ሥዕሉን።

«ብርሃን አየሁ» ይላሉ። «ስትወድቅ ጭንቅላቷን የያዝኳት እኔ ነኝ።»

«ወድቀው ነበር? ይሄማ መጽሐፉ ላይ የለም!»

«መጽሐፍ ሁሉን ያውቃል እንዴ፣ ልጄ? ሂጂ ይልቅ ምሳሽን ብዪ።»

ሬኔ ታቅፈኛለች። መኪናዋ ከተሰወረ በኋላም እጄን ማውለብለቤን አልተውኩም፣ ፊቴን ላለማዞር።

«ለምን፣ እማማ?»

«በልጅ ፊት ላዋርድሽ?» ሳህኑን ከጭናቸው ያወርዳሉ። «እኔ ሥዕልሽን ያለ መልአክም እወደው ነበር። የጠየቀኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

እኚህን ሴት እስከ ዛሬ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ውሸት ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

ይነሡና ነጩን ጥምጥማቸውን መፍታት ይጀምራሉ። የዋሸች ሴት ጉባኤው እስኪምራት በባዶ ራሷ ነው የምትሄደው፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ፀጉራቸውን አይቼው አላውቅም። ስስ ነው፣ የጫጩት ላባ ይመስላል፣ ከሥሩ ቆዳው ይታያል። ጨርቁን አራት ቦታ አጥፈው ብብታቸው ሥር ያደርጉታል።

«የእኔ ነው መፈታት ያለበት» እላለሁ።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» ይሉና ደረጃውን ይወርዳሉ።

እጄ የራሴ ጥምጥም ቋጠሮ ላይ ነው። ጣቶቼ ቋጠሮውን ይዘውታል፣ አይስቡትም። ቦኖው ጋ የተሰለፉት ሴቶች እማማ ዜልማን ሲያዩ አንድ በአንድ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ እሳቸውም በቀትር ፀሐይ፣ በባዶ ራሳቸው፣ እያንዳንዷን በስሟ ሰላም እያሉ በመሃላቸው ያልፋሉ።