በውሰት ጫማ ጎንደር

የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ጎበዜ ጎንደርን ሊጎበኝ የሄደው በሰው ጫማ ነው።

ጫማው የሚስቱ ወንድም የአያልነህ ነበር። አያልነህ በመጪው እሑድ ያገባል፤ ጥቁሩን ጫማም ለሰርጉ ከጎንደር አስመጥቶ ገና አንድ ቀን ለልክ ያህል ብቻ ነው ያጠለቀው።

"ይጠብብሃል፣ አያ ጎበዜ።"

"ለአንድ ቀን አይደል? እግሬ ይችለዋል።"

"እግርህስ ይችላል። ብቻ እሑድ በባዶ እግሬ ሙሽራ ከሆንሁ፣ እህቴን መልሼ እወስዳታለሁ።"

ሳቁ። ጎበዜ ግን ብዙም አልሳቀ፤ አማቹን ያውቀዋል።

የወረታ ማኅበርተኞች የተከራዩት አውቶቡስ ዶሮ ሲጮኽ ተነሣ። ይፋግ ላይ ጎበዜ ጣቶቹ የት እንዳሉ ጠፋው። ጎንደር ሲገቡ ያነክስ ነበር።

አስጎብኚው ያየህ የሚባል፣ ከዘራውን የሚያወዛውዝ የጎንደር ልጅ ነው። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰዳቸው። ከሌላ አገር የመጡ ምእመናንም ስለነበሩ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በጫማ ተሞልቷል፤ አብዛኛው ጥቁር። ጎበዜም አውልቆ ገባ።

ከጣራው ላይ የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያያሉ። ሚስቱ ይርገዱ ከአንዱ ፊት ሥር ቆማ ቀረች። ባለፈው ክረምት የቀበሯት ልጃቸው ሁለት ዓመቷ ነበር።

"እያት" አለች፤ "እኛን እኮ ነው የምታየው።"

ጎበዜ ሲወጣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ደጃፉ አልታይ አለው። ጫማውን በዳበሳ አጠለቀና ሰዎቹን ተከተለ።

ግማሽ መንገድ ሲሄዱ ማንከሱን እንደተወ ልብ አለ።

"ሥላሴ ማሩኝ" አላት ለሚስቱ። "ጣቴ ተፈታ።"

"ቆዳ አይደል፣ ይለቃል።"

ከፋሲል ግንብ በር ላይ ጎበዜ አንድ ሰው አየ። ጋቢ ለብሷል፤ ከጋቢው ሥር አንድ ነገር ሸጉጧል። ባዶ እግሩን ነው፤ እንደ ድመት እየመረጠ ይረግጣል። ግንቡን አያይም። የሰው እግር ያያል። አንድ በአንድ አየና ከጎበዜ እግር ላይ ቆመ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድምዓለም" አለ ተጠግቶ። "ጫማው ይመቻል?"

"ለኔ ይመቻል።"

"ከገዛኸው ቆየህ?"

ጎበዜ የውሰት ነው ማለት አፈረ። "ዓመት አለፈው" አለ።

ሰውዬው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ግን አልሄደም። ቡድኑ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ተከተለ።

ቁስቋም ሲደርሱ ያየህ፣ "ጫማ አውልቁ!" አለ። ሁሉም አወለቀ። ጎበዜ አውልቆ ተቀመጠበት። ሰውዬውም ከፊት ለፊቱ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተፋጠጡ።

ይርገዱ ስትወጣ ባሏ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

"አንተ ሰው፣ ጎንደር ድረስ የመጣኸው አጥር ልታይ ነው?"

"ገብቼ ያንን ሌባ ማን ይይልኝ?"

"ምን ሰረቀህ?"

"ዓይኔን ካነሣሁ ይሰርቀኛል። አካሄዱን አታይም?"

ማረፊያቸው የፋሲል መዋኛ ሆነ። ያየህ በዛፎቹ ጥላ እየመራ፣ ሥሮቻቸው የድንጋዩን ካብ እንዴት እንዳቀፉ በከዘራው አሳየ። ሰው ሁሉ ዛፍ ሲያይ ጎበዜ ሰውዬውን ያያል። ጋቢው ገለጥ ሲል የጥቁር ጫማ አፍንጫ ብቅ አለ።

"አየሽ!" አለ ጎበዜ የሚስቱን ክንድ ይዞ። "የአንዱን ምስኪን ወስዷል። አሁን የቀረው የኔ ነው።"

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሰውዬው እየሮጠ መጣ። እጁን ከጋቢው ሥር አስገብቷል።

"ወንድምዓለም፣ ቆይ! አንድ ጊዜ ስማኝ—"

"ሌባ! ያዙት!"

ማኅበርተኛው ዱላ ዱላውን ይዞ ግር ብሎ ወረደ። ሰውዬው የያዘውን ጥሎ፣ ጠጠር በረገጠ ቁጥር "ወይኔ! ወይኔ!" እያለ ሮጠ። ያየህ የወደቀውን አነሣ፤ ጥንድ ጥቁር ጫማ ነው። ከፍ አድርጎ አሳየ። የኔ ነው የሚል ጠፋ።

"ለሥላሴ ዘበኛ ስጥልን" አለ ጎበዜ። "ባለቤቱ እያለቀሰ ይመጣል።"

"አንተስ አበጀህ!" አለ ያየህ። "ዛሬ ያስጎበኘኸን አንተ ነህ።"

እስከ ወረታ ድረስ ጎበዜ ተመሰገነ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መረቁት።

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን በጨርቅ ወልውሎ ለአያልነህ ወሰደለት።

"እንዴት አድርጌ እንደጠበቅሁልህ እህትህን ጠይቃት" አለ። "እንደ ዓይኔ ብሌን!"

አያልነህ አጠለቀውና ሊራመድ ተነሣ።

እግሩ ሄደ፤ ጫማው ቆሞ ቀረ።