ሳሊህ ሲሸነፍ

አብተው ሦስት ቆርኪ በአንድ ጊዜ በልቶ ንጉሥ አነገሠና ስድቡን ጠበቀ። ስድቡ አልመጣም። ሳሊህ የዳማውን ሰሌዳ አየት አደረገና «ጎበዝ» አለው።

ጎበዝ? በዚህች የናዝሬት ሱቅ በረንዳ ላይ ሃያ ዓመት ሲጫወቱ ባለሱቁ ሳሊህ ሰው አመስግኖ አያውቅም። አብተው የቢራውን ቆርኪ ይይዛል፣ ሳሊህ የለስላሳውን፤ የሚያሸንፈው ሳሊህ ነው። አብተው ቀንቶት ያነገሠ እንደሆነም «አብዮት ፈንድቶ ንጉሥ? ቆይ ለቀበሌ ባልጠቁምህ!» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ያስቅበታል።

ዛሬ ግን ሳሊህ ሁለት ጨዋታ ተሸንፏል። አሁን ደግሞ የሚበላ ቆርኪ ፊቱ ተቀምጦለት እጁ አልፎት ሄደ።

«ይኸን ብላ እንጂ» አለ አብተው።

«አላየሁትም።»

«አንተ? የጎረቤት ሰሌዳ ሳይቀር የምታየው ሰውዬ?»

አብተውን ሳል ያዘው። እስኪያበቃለት ድረስ ሳሊህ ቀና ብሎ አላየውም። ያኔ አብተው ጠረጠረ። በክረምቱ የሳንባው ራጅ ላይ ጥላ ሲታይ የሆስፒታሉ ኩባዊ ሐኪም «ምንነቱን ለማወቅ ደምህ ይረዳናል» ብሎ ደም ቀድቶ ወደ ውጭ አገር ልኮለት ነበር። ውጤቱን የተቀበለችው ሚስቱ ዘውድነሽ ናት። «የሳንባ ብርድ ነው አሉ» አለችው፤ እሱም አመናት።

«ሳሊህ፣ የደሜ ውጤት ምን ነበር የሚለው?»

«ዘውድነሽ ነግራህ የለ?»

«አንተን ነው የጠየቅሁት።»

ሳሊህ አንድ ቆርኪ አነሳና እዚያው መልሶ አስቀመጠው። «ካንሰር ነው። በሽታው ደም ውስጥ የሚተወው ምልክት አለ አሉ፤ ያንተ ከልኩ አልፏል። ከራጁ ጋር አስተያይተው ቁርጡን ነገሯት። ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብለን ተማማልን።»

«እነማን?»

«ሁላችንም። እሷ፣ ወንድምህ፣ የነፍስ አባትህ፣ እኔም።»

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

በጥቅምት አብተው ቦርሳውን አዘጋጅቶ ነበር። እናቱ መንዝ ናት፣ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ካያት ስድስት ዓመቱ ነው። አውቶቡስ ከሚያደርስበት የአንድ ቀን የእግር መንገድ ይቀራል፤ ያኔ ግን ጉልበቱ አልከዳውም ነበር። እዚህችው በረንዳ ላይ ሳሊህ ቦርሳውን ከእጁ ተቀብሎ «ብርዱ ይውጣልህና ትሄዳለህ፤ እናትህ የት ትሄድብሃለች?» አለው። አብተውም ጓደኛዬ አሰበልኝ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዛሬ ከቤቱ እዚህ ለመድረስ፣ አራት አጥር ለማለፍ፣ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አርፏል።

«ቦርሳዬን የተቀበልከኝ እያወቅህ ነው።»

«መንገድ ላይ እንዳትቀር ብዬ ነው። ወላሂ፣ ለክፉ አላሰብኩም።»

«ብቀርስ? ፊቴን ወደ እናቴ አዙሬ እቀር ነበር።»

አብተው ተናደደ፤ ንዴቱ ግን የሚያርፍበት አጣ። ሰው «ከጠላቴስ እኔ እጠነቀቃለሁ፣ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ» ብሎ የሚጸልየው ለካ ወዶ አይደለም። ጠላት ቢሆን ምን እንደሚያደርገው ያውቅ ነበር። የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው ጥቅምትንና ኅዳርን ወሰዱበት፤ የቀረችውን ጉልበቱን በዳማ አስጨረሱት።

ተነሳና በዚያ የሚያልፈውን የፈረስ ጋሪ በእጁ አስቆመ። «መናኸሪያ» አለ።

«ዛሬ የመንዝ መኪና የለም እኮ፣ አብተው» አለ ሳሊህ ከኋላው።

«ካንተ ወሬ አልፈልግም።»

የጋሪውን ብረት ይዞ እግሩን ወደ መርገጫው ሊያነሳ ሞከረ። ሳሊህ ሮጦ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ ልደግፍዎት?» አለ ባለጋሪው ወርዶ።

አብተው የሳሊህን እጅ አልፎ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ያዘ። እግሩ ግን አልተነሳም።