የሌለችው ሰዓት

የቢሯችን ኮምፒውተር ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው። ሰዓቱን ወደ እኛ ብናዞረውም፣ በየመጋቢቱ አንድ ሌሊት ሰዓትን ወደፊት በሚገፉበት እንደ አገሩ ልማድ ከስምንት ሰዓት ወደ ዘጠኝ ይዘላል። በዚያ መሀል ከአርዲቦ ሐይቅ በስልክ የሚላከውን የውሃ ልክ፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም «እንዲህ ያለ ሰዓት የለም» ብሎ ይጥለዋል።

አምና በዚያች ሌሊት ልኩን የምትልክልን ኑርሀያት ሐይቁ ውስጥ ሰጠመች።

ዛሬ ጠዋት ስህተቱን ላርም ገብቼ የተጣሉትን ብከፍት፣ ከእሷ ስልክ በስሜ የተላኩ ሁለት መልእክቶች አገኘሁ። የአምናው «ሂዳያ፣ ውሃው ወገቤ ላይ ደርሷል፤ ሰው ላኪልኝ» ይላል።

ባሏ ባድሩ ጋ ደወልኩ።

«ስልኳማ አብሯት ነው የገባው፣ እህቴ፤ ወላሂ አልወጣም» አለኝ።

ሁለተኛው የተላከው ትናንት ሌሊት፣ በዚያችው በሌለችው ሰዓት ነው።

«ሂዳያ፣ አሁን አንገቴ ላይ ደርሷል።»