አምስተኛው ቁጥር

ሁሪያ መልሷን በሱቃቸው የብረት በር ላይ በጠመኔ ጽፋ አሰመረችበት፤ 486። እናቷ ዓቢዳ ግን ከጎኑ 162 ብላ ጽፋለች። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ምርጫው ውስጥ አሉ።

ዓቢዳ ስትዳር ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛ ደርሳለች። ሁሪያ ደግሞ የአምናው ፈተና አልቀናትም። ዘንድሮ እናትና ልጅ በግል አብረው ሊፈተኑ ነው፤ በከተማቸው በመርሳ ይህን ሰምቶ ያልሳቀ ጥቂት ነው። ነገ ለፈተናው ወደ ወልድያ ይሄዳሉ። እስከዛሬ ልጅ አስጠኚ፣ እናት ተማሪ ነበሩ።

ሁሪያ ታክቷት እንደገና አስረዳች። የመጀመሪያው ቁጥር ሁለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከሱ በፊት የነበረው በሦስት ተባዝቶ ይገኛል። የተጠየቀው አምስተኛው ነው፤ ስለዚህ አምስት ጊዜ ይባዛል።

ዓቢዳ ጣቷን እያጠፈች አሰበች። አምስተኛውን ብትጠይቀው አራተኛውን ጠይቂ ይላታል፣ አራተኛው ወደ ሦስተኛው ይመራታል። ማብቂያው የት እንደሆነ ጠየቀች።

«አንደኛው ላይ ነዋ፣ እማ።»

«እሱስ ከየትኛው ተባዝቶ መጣ?»

«ከየትኛውም። እሱ እኮ ተሰጥቷል።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ሁሪያ ቀጥ አለች። ከተሰጠ አልተባዛም ማለት ነው፤ የሚባዛው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃምሳ አራት… መሀል ላይ ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። አምስተኛው 162 ሆነ።

አምና እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ቶሎ ሠርታ፣ እርግጠኛ ሆና ነበር ወደሚቀጥለው ያለፈችው። እርግጠኛ የሆነችባቸው ሌሎቹስ? ለእናቷ ስታስረዳ የከረመችው ሁሉስ? የቱ ልክ፣ የቱ ስህተት እንደሆነ መለየት አቃታት።

ዓቢዳም ደስ ያላት አትመስልም። «እኔም እኮ አንዴ ማባዛት የረሳሁ መስሎኝ ልሰርዘው ነበር» አለች።

ሁሪያ በሩን አፍጥጣ አየችው። አስተማሪ ፊትም፣ ጓደኛ ፊትም ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

«ወላሂ አልገባኝም፣ እማ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለቻት ዓቢዳ፤ የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጋ ብላም ቦታ ለቀቀችላት።