የሰኞው ሰው

መንግሥት በስኮላርሺፕ ስላስተማረው አምስት ዓመት የማገልገል ግዴታ ነበረበት። ያንን ዘመን ከሰው ኃይል ቢሮው መስኮት ኋላ ተቀምጦ፣ ማኅተም ሲመታ እጁም ልቡም ደንዝዞ ጨረሰው። ሰኞ ሰኞ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ ብቅ ይላል።

«እኔም በስኮላርሺፕ የተማርኩ ነኝ። ምደባዬ መጣ ይሆን?»

«ገና ነው፤ ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

ስሙን ጠይቆት አያውቅም። አዲስ የምደባ ዝርዝር እንዳልመጣ እያወቀ ምን ብሎ ይጠይቀው? መጀመሪያ ሰሞን ያዝንለት ነበር፤ ኋላ ግን ቀና ብሎ ማየቱንም ተወው።

አምስቱ ዓመት የሞላ ዕለት፣ ያውም ሰኞ፣ መልቀቂያ ሊያስጽፍ መዝገብ ቤት ወረደ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወይዘሮ የሻረግ ፋይሉን ገልጠው ስሙን በጣታቸው ተከተሉ።

«ልጄ፣ የአያትህ ስም ማነው?»

ነገራቸው።

«እዚህ ያለው ሌላ ነው። ስምህ እስከ አባት ገጥሞ ነው እንጂ ምደባው የሌላ ሰው ነበር።»

ፋይሉን ወደ እሱ አዞሩለት። ጥጉ ላይ ከተለጠፈው ጉርድ ፎቶግራፍ ውስጥ ያ ሰውዬ፣ ያኔ ጉንጩ ሞልቶ፣ ፈገግ ብሎ ያየዋል።

«ይህ ከታወቀ አምስት ዓመትህ አይቆጠርልህም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምን ልጻፍ?»

«መልቀቂያውን ይጻፉልኝ።»

ደብዳቤውን ይዞ ሲመለስ ሰውየው መስኮቱ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ዛሬስ?»

«ገና ነው» አለው፣ መሳቢያውን ባዶ እያደረገ። «ሰኞ ብቅ ይበሉ።»